በዝገት ላይ የወረደ ምርቃት

የበደላት ሁዜይፋ ነው። ሰይጣን አይደለም፣ አረብም አይደለም፤ የበደላት የታናሽ እህቷ የሀጀራ በኩር፣ ስም ያወጣችለት፣ አዝላው ከላላ ገበያ የወረደች፣ ቅማሉን የለቀመችለት ሁዜይፋ ነው። ሸጋዬ ይህን ለራሷ ስትናገር ጂዳ ላይ ቀትር ነው። ረመዳን ስለሆነ ቤቱ እንደ መቃብር ጸጥ ብሏል፤ ሌሊቱን ሲበሉ አድረው ቀኑን ያንኮራፋሉ፣ ጾም ነው እንግዲህ ይኼም። መዳሟ ታች፣ የመዳሟ ልጆች ከመዳሟ በላይ፣ ሸጋዬ ደግሞ ከሁሉም በላይ፣ ጣሪያው ላይ፣ ከውኃው ታንከር ጎን በተለጠፈች ክፍል፤ ከፍ ያለች ሴት ናት እንግዲህ። ማቀዝቀዣው እንደ ታመመ በሬ ያጓራል፣ ፀሐይዋ በመጋረጃው ቀዳዳ ገብታ ዓይኗን ትወጋታለች፣ በቀኝ ጎኗ ትተኛለች በግራ ጎኗ ትገላበጣለች፣ እንቅልፍ የት አባቱ። ስልኩ ከትራሷ ሥር ይንቀጠቀጣል። እሱ ነው። አታነሳም። ይንቀጥቀጥ! መንቀጥቀጥ አይደል እሱ የተማረው?

ሀገር ቤት «የሸጋዬ ልጅ ዶክተር ሊሆን ነው» ሲባል መካነ ሰላም ያለው ዘመድ ሁሉ መርፌ የሚወጋ መስሎት ወገቡን ይዞ ይጠብቃል። እሷም መስሏት ነበር። ጾሙ ሊገባ ሰሞን ነው ጉዱን የነገራት፤ ከጂዳ በስተሰሜን የሚማርበት ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ ቤተ ዘመድ አምጥተው ሥራቸውን እንዲያሳዩ የፈቀደበት ቀን ነበር፣ እሱ መኪና ይዞ መጣ፣ መዳሟ እያቅማማች ፈቀደች፣ ሸጋዬ ያቺን ለኢድ ብቻ የምትለብሳትን ቀሚስ አጥልቃ ባሕሩን በስተግራ እያየች ወደ ሰሜን ትሄዳለች፣ ልጇ አጠገቧ ነው፣ ሽቶ ሽቶ ይላል፣ ደስ ብሏታል፣ ሞኝ!

«እትዬ፣ እኔ የምሠራው ብረታ ብረትን ከኦክስጅን ጋር አዋህጄ መደብ ላይ ማንጠፍ ነው። ከሽንኩርት ገለፈት በብዙ እጥፍ የሳሳ ንጣፍ።»

«ኦክስጅን ደግሞ ማነው?»

«አየሩ ውስጥ ያለው ነዋ፣ የምንተነፍሰው።»

«ብረት አየር ሲነካው ዝገት ነው የሚሆነው።»

«እሱስ... አዎ፣ የዝገት ዘመድ ነው።»

«ለዝገት ነው እንዴ እኔ የሰው ድስት ስፈትግ ያረጀሁት? ዝገት ካማረህ የአባትህ ማረሻ መቼ ጠፋ!»

ሳቀ። ያኔ ይስቅ ነበር። መሪውን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው እጁ አየሩ ላይ ይጽፍላታል፤ በንጣፉ ውስጥ አቶም የሚባሉ ቅንጣቶች አሉ አላት፣ እንደ ባና ድርና ማግ በረድፍ ተያይዘዋል፣ ደግሞም አንዲት ቅጽበት አርፈው አያውቁም፣ አንዱ ሲርገበገብ ጎረቤቱን ይዞ ይርገበገባል፣ ጎረቤቱም ጎረቤቱን፣ እሱ የሚያጠናው ያንን ርግብግቢት ነው። በዓይን ይታያል? አይታይም። በጆሮ ይሰማል? አይሰማም። እንግዲያ የማይታይና የማይሰማ ነገር ለመጠበቅ ነው ሰው ሚስት ሳያገባ ጸጉሩ የሚሳሳው! አረንጓዴ ብርሃን እንልክበታለን አላት፣ ብርሃኑ ነክቷቸው ሲመለስ ጥቂቱ ቀለሙን ለውጦ ይመጣል፣ በለወጠው ልክ ርግብግቢታቸውን እናውቃለን። ከረድፉ አንድ ኦክስጅን ከጎደለ፣ ከሸማ ላይ ክር እንደ መዘዙ ማለት ነው፣ አጠገቡ ያሉት ይረበሻሉ፣ ርግብግቢታቸው ይበላሻል፣ እንዲያውም በደህናው ጊዜ ዝም እንዲሉ የተፈረደባቸው ርግብግቢቶች ሳይቀሩ ብቅ ይላሉ። ይኼ ጉድለት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ውጥረት ነው። የንጣፉ የረድፍ ልክና የመደቡ የረድፍ ልክ አንድ ካልሆነ ንጣፉ በግድ ይለጠጣል፣ ወይም በግድ ይጨመቃል፣ የተለጠጠው ርግብግቢቱ ይዘገያል፣ የተጨመቀው ይፈጥናል።

እዚህ ላይ ያዘችው። ድቤ ሲወጠር ድምፁ ይቀጥናል እንጂ መቼ ይወፍራል፣ እሳት ዳር የሞቀ ድቤ ሰምተህ አታውቅም ወይ፣ መንዙማ ያልተባለበት ቤት ነው ያደግኸው? አለችው። የለም እትዬ፣ የድቤው ቆዳ ሌላ ነው፣ እነዚህ ሲለጠጡ አንዱ ከአንዱ ይርቃል፣ መያያዣቸው ይላላል፣ የላላ ነገር ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚወዛወዝ አላት። ልክ ሳይሆን አይቀርም፤ ልክ መሆኑ ነው ይበልጥ ያናደዳት። «ታዲያ ችግሬ» አላት «ጉድለትም ውጥረትም ተመሳሳይ ለውጥ የሚያመጡበት ጊዜ አለ። ለውጡን አየሁ፤ ያመጣው ግን የትኛው ነው? የእኔ መጽሐፍ በሙሉ ይቺን ለመለየት ነው።» ይቺን ለመለየት! የከላላ ሴት በቅሎ ሲያነክስ ድንጋይ ገብቶበት ይሁን አጥንቱ ተሰብሮ ሰኮናውን አንስታ በአንድ እይታ ትለያለች፣ እሱ አምስት ዓመት።

ዩኒቨርሲቲው በር ሲደርሱ ዘበኞቹ ማሽኑ ላይ ጣትሽን አሳርፊ አሏት። አሳረፈች። አላወቃትም ማሽኑ፤ ሌላዋን ጣት፣ እሷንም አላወቀም፣ በዚያ ሁሉ ዓመት ዕቃ ማጠብ የጣቷ መስመር ተፍቆ አልቆ ኖሮ ለስላሳ ነው እንደ ሕፃን ቂጥ። ሁዜይፋ ዘበኞቹን ሲለማመጥ፣ ስሟ በስልክ ሲላክ፣ ስልኩ ቁጥር ሲመልስ፣ ቁጥሩ ጊዜው አልፎበት ሌላ ቁጥር ሲመጣ፣ እሷ በዚያ ሙቀት ቆማ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ይዛለች። ገባች በመጨረሻው። ከዚያ ቀዝቃዛ ኮሪደር፣ ከዚያ ሌላ በር፣ ከዚያ ጨለም ያለች ክፍል፤ የመሣሪያው ጠባቂ ግብጻዊ፣ ሆዱ የቀደመው ሰውዬ፣ በአረብኛ «አህለን ያ ሐጃ»፣ እንኳን ደህና መጣሽ ብሎ ወንበር ሰጣት፣ አንድ ፈረንጅ አስተማሪም አለ፣ ቀጭን፣ በጥርሱ ብቻ የሚስቅ። ሰሌዳው ላይ ተራሮች ተሥለዋል፣ የብርሃኑ ለውጥ ነው አላት። ይኼ ሹሉ፣ ቀጥ ያለው፣ ጤነኛው ንጣፍ ነው እትዬ፣ ይኼ የወፈረውና የተጋደመው ጉድለት ያለበት ነው። በእኛ አገር የጎደለበት ይከሳል፣ የእናንተው ያወፍራል? አለች። ሁዜይፋ ተረጎመው፣ ሦስቱም ሳቁ። ሲስቁ ደስ አላት። አሁን ያሳፍራታል፣ ደስ ማለቷ።

ከዚያ በወረንጦ አንስቶ አሳያት። ጥፍር የምታህል ብልጭልጭ፤ ለፈተናው ከሁሉ ያመነባት፣ እንዳትጎድል እንዳትወጠር ተጠንቅቆ ያነጠፋት። ሸጋዬ ተነሳች። ምን ታድርግ? በአገሯ ዘር ከመዘራቱ በፊት ሽማግሌ ይጠራል፣ ሙሽራ ስትሸኝ፣ ልጅ ሲገረዝ፣ ላም ስትወልድ፣ የታላቅ እትፍታ ያልነካው ነገር ተመረቀ አይባልም። ደረቅ ቃል ነፋስ ይወስደዋል። እጆቿን ዘረጋች፣ «አላህ ሥራህን ያሳምርልህ፣ ከወንድሞችህ በላይ ያድርግህ፣ ምቀኛህን እግርህ ሥር ያውልልህ፣ ዝገትህን ወርቅ ያድርግልህ» አለችና ጎንበስ ብላ እትፍ! እትፍ! አለችበት። ከልቧ። ጥርስ የጎደለው አፍ ደግሞ ሲመርቅ አይቆጥብም።

ፈረንጁ ጮኸ። ግብጹ ዘሎ ፎጣ አመጣ፣ አይ በፎጣ አይነካም ተባለ፣ የማጽጃ ጠርሙስ ፈለጉ፣ ሁዜይፋ ወረንጦውን እንደያዘ ደም ሥሩ ተገትሯል። ዝገት ነው እኮ! ማረሻ ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ሲወርድበት ይከርማል፣ ይቺ በአንዲት አሮጊት ምራቅ የምትሞት ምን ዓይነት ዝገት ናት? ግን ይኼ አይደለም በደሉ። ቢቆጣት ኖሮ ትችለው ነበር፣ ልጅ ነው፣ «እትዬ ምን አደረጉብኝ» ቢላት ይቅርታ ትለው ነበር፣ ለእሷም ይቅርታ ማለት ቀላል ሆኖ አይደለም። እሱ ግን ወደ ፈረንጁ ዞሮ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር አለ፣ ወደ ግብጹ ዞረና በአረብኛ አለው፦ ከአገሬ የመጣች ሠራተኛ ናት፣ አዝኜላት ነው ያመጣኋት፣ መስኪን ናት፣ መጅኑን ነገር ናት። ጮክ ብሎ። እሷ ፊት ቆሞ።

መጅኑን! ይኼ ቂል! የወሎ ሴት አውሮፕላን በወረደች በሳምንቷ ከአረብኛ መጀመሪያ የምትማረው ምን መሰለው? ዳቦ አይደለም፣ ውኃ አይደለም። መጅኑን ነው፣ እብድ። ማንኪያ ብታሳስት መጅኑን፣ ቤቷን አስባ ብታለቅስ መጅኑን፣ ደመወዜ ብትል መጅኑን። ያንን ቃል ስንት መዳም በስንት ቃና ወርውራባታለች፣ ሁሉንም ዋጥ አድርጋለች፣ የዋጠችው እሱ መካነ ሰላም ሁለተኛ ደረጃ ጫማ አድርጎ እንዲገባ ነው። ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ ይላል ያገሯ ሰው። ሲነክስ ግን ውሻ እንኳ በአረብኛ አይነክስም። ሲመለሱ በመኪናው ውስጥ «ደከመዎት እትዬ?» አላት። ባሕሩ አሁን በስተቀኝ ነው። «አዎ» አለችው። መጅኑን ሌላ ምን ይናገራል?

ስልኩ ይንቀጠቀጣል። የሀጀራ ነው፣ ይኼን ታነሳለች። ለሀጀራ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የነገረቻት፣ «ልጅሽ እብድ ናት አለኝ» ብላ፣ ሀጀራም ወዲያው ለልጇ ደውላ ጮኸችበት፣ ከዚያ ወዲህ ነው እሱ ቀን ከሌሊት የሚደውለው።

«እትዬ፣ ተኝተሻል እንዴ?»

«ማን ሊያስተኛኝ።»

«ነገ ጠዋት እኮ ነው የሚፈተነው። አፉ በይው በአላህ።»

«አፉ የሚባለው ለጠየቀ ነው።»

«ሲደውል አታነሽማ!»

«እብድ ስልክ ማንሳት ምን ያውቃል።»

«ወይ ጉዴ! እትዬ፣ በጾም አፍሽ ነሽ፣ የጾመኛ ዱዓ ወዲያው ነው የሚደርስ፣ ክፉ ቃል እንዳታወጭ። የአጎታችንን የአሕመድኑርን ነገር ረሳሽው? እናቱ በረመዳን አንዲት ቃል ብትለው በሬዎቹ ተጠማምደው ገደል አልገቡም?»

«ሰክሮ ገደል አፋፍ እያረሰ ነው የገቡት።»

«ይሁንልሽ! ብቻ እንዳትረግሚብኝ፣ ልጄ ነው።»

«ዛሬ ልጅሽ ሆነ? ቅማሉን ስለቅም የማን ነበር?»

ሀጀራ ታለቅሳለች። ከጀርባዋ ዝናብ ይሰማል፣ የበልግ ዝናብ ቆርቆሮ ሲደበድብ፣ ሸጋዬ የልጁን ነገር ትታ ዝናቡን ታዳምጣለች፣ እናቷ የሞተች ቀን በስልክ የሰማችውም ይህንኑ ዝናብ ነው፤ መውጫ ወረቀቷ በአሠሪዋ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ፣ እሷ ለሰው ሰርግ ሰሃን እያደረቀች፣ ሀጀራ «ቀበርናት እትዬ» ስትል፣ ሰሃኑን አላስቀመጠችም፣ አድርቃ ጨረሰችው። እናቷ «ሸጋዬስ?» ብላ ጠይቃ ነበር አሉ። ያንን ማንም ሊያነሳባት አይደፍርም፣ እሷ ራሷ ግን በየቀትሩ ታነሳዋለች። ስልኩ ተዘግቷል፣ መቼ እንደተዘጋ አላወቀችም።

እርግማኑ ምላሷ ጫፍ ላይ ነው። ቃሉንም መርጣለች፤ ረጅም አይደለም። «አላህ ያስተማረህን ያስረሳህ» ብትል ይበቃል፣ ነገ አስተማሪዎቹ ፊት ቆሞ አፉ እንደ በግ ክፍት ብሎ ይቀራል። ትንፋሿን ሳበች። አልወጣም። ለምን አልወጣም? አዘነችለት? ቱ! ለማን! ተነስታ ተቀመጠች። ያ የዝገት ነገሩ ነው ያስቸገራት፣ ጭንቅላቷ ውስጥ አስገብቶባት ሄደ፦ ለውጡን አየሁት፣ ያመጣው ጉድለት ነው ወይስ ውጥረት?

ጉድለት ከሆነ ከመጀመሪያው ነው፤ ከረድፉ አንድ ነገር ሳይገባ ቀርቷል፣ ያጎደለችው ደግሞ ማነው? ስምንት ዓመት ሲሞላው ጥላው ጂዳ የገባችው እሷ ናት፣ በስልክ ነው ያሳደገችው፣ በስልክ ልጅ አይቀጣም፣ በስልክ ጆሮ አይቆነጠጥም። ውጥረት ከሆነ ደግሞ የቆመበት መደብ ነው፤ በአንድ ወገን ፈረንጅ፣ በሌላ ወገን ግብጽ፣ የእነሱ ልክ ሌላ፣ የከላላ ልክ ሌላ፣ በግድ ተለጥጦ ተለጥፎባቸዋል፣ አሮጊቷ እትፍ ስትል ተሰነጠቀ። እንዲህ ስታስብ ልቧ ሊራራ ይላል፣ ሊራራ ሲል ደግሞ ያንገሸግሻታል። እሷስ አልተወጠረችም? ከእሷ በላይ ማን ተለጠጠ? በዚህ ሁሉ ዘመን መዳሞቹ «ይኼ ሁልጊዜ የምትደውይለት ማነው?» ሲሉ «ልጄ ነው፣ ይማራል» ትላለች፣ ባትወልደውም ልጄ ነው ትላለች፣ እየሳቁባትም ትላለች። አንድ ቀን እንኳ «አላውቀውም» አላለችም። እንግዲያው ውጥረት ብቻውን ሰውን እንዲህ አያደርግም! ለዚህም መልስ ነበረው እኮ፣ በመኪናው ውስጥ ነግሯታል፣ ውጥረቱ ሲበዛ እትዬ ጉድለት ራሱ ይወለዳል፣ ሲለጠጥ ኦክስጅኑ ቀላል መውጫ ያገኛል። አየህ! አንዱ ለአንዱ ምክንያት ይሰጣል፣ ማንም ጥፋተኛ የለም፣ መደቡ ነው፣ ረድፉ ነው፣ አየሩ ነው። ለዝገት ይሁን። ዝገት አፍ የለውም። ሰው ግን አፍ አለው፣ ያበላሸውን በዚያው አፉ ያበጃል፣ ወይም አያበጅም፣ ይኼን ለመለየት አረንጓዴ ብርሃን አያስፈልግም።

ስልኩ እንደገና። ጽሑፍ ልኳል፤ ማንበብ አትችልም፣ ፊደሉን ለይታ ትጠራዋለች እንጂ ሲገጣጠም ይጠፋባታል፣ እሱም ያውቃል፣ ሲጨንቀው ረስቶት ይሆናል። በድምፅም ልኳል፣ ከፈተችው፦ «እትዬ፣ እናቴ ነገረችኝ፣ አረብኛውን እንደሚሰሙ አላሰብኩም...» ዘጋችው። እንደምትሰማ አላሰበም! ይቅርታው ይኼ ነው? ባትሰማ ኖሮ ልክ ነበር ማለት ነው። ከዚህ ወዲያ የሚደመጥ ነገር የለም። ታች የመዳሟ ደወል ጮኸ፣ አስር ሰዓት ደርሷል፣ ተነስታ ትወርዳለች፣ ሳምቡሳ ትጠቀልላለች፣ ሾርባውን ታማስላለች፣ መዳሟ «ዛሬ ፊትሽ ምን ሆኗል?» ስትላት «ጾም ነው» ትላለች፣ አዛን ይላል፣ እነሱ ይበላሉ፣ እሷ ቆማ አንዲት ተምር አፏ ውስጥ ታስገባለች፣ ፍሬውን ስትመጥጥ ታድራለች።

በማግስቱ ጠዋት ቤቱ ሱሑሩን በልቶ ማንኮራፋት ሲጀምር ሸጋዬ ፊቷን ታጠበች፣ ሻሿን አሰረች፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ቀጥ ብላ ተቀመጠችና ራሷ ደወለችለት። ገና አንዴ ሳይጠራ አነሳው።

«እትዬ! አንቱ ነዎት? አሰላሙ ዐለይኩም፣ እንዴት አደሩ፣ አፊያዎ እንዴት ነው? እኔ እኮ...»

«ግብጹ አለ?»

«አለ... አዳራሹ ውስጥ ነን፣ ማሳያውን እያስተካከለልኝ ነው። እትዬ፣ አስተማሪዎቹ እየገቡ ነው፣ እንደጨረስኩ ራሴ መጥቼ...»

«ስልኩን ጮክ አድርገው።»

«እትዬ...»

«አደረግኸው? በል። ያን ቀን በአረብኛ የነገርከውን ዛሬ በአረብኛ መልሰው። እየሰማሁ ነው።»

ወንበር ሲጎተት ይሰማታል፣ ሰው ሲያስል፣ አንዱ ድምፅ ማጉያውን ሲጠበጥብ። ሸጋዬ ትጠብቃለች። የሚረግመው አፏም ዝግጁ ነው፣ የሚመርቀውም፤ የትኛው እንደሚከፈት እሷም አታውቅም።

ሁዜይፋ ጀመረ። አፉ ውስጥ ጠጠር እንዳለበት ሰው፣ በአረብኛ፦ ያን ቀን ያመጣኋት ሴት ሠራተኛ አይደለችም፣ ያሳደገችኝ እናቴ ናት፣ አእምሮዋ ሙሉ ነው፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ ስላፈርኩ ነው አለ።

«አልሰማሁም» አለች ሸጋዬ። «ያን ቀን ስታዋርደኝ ድምፅህ እንዲህ አልሰለለም ነበር።»

ደገመው። አሁን ጮክ አለ፤ የሚጎተተው ወንበር ሁሉ ቆመ፣ ድምፅ ማጉያውን የሚጠበጥበውም ተወው።

«አፉ ብዬሃለሁ» አለችው። «ሂድ ተፈተን። አትጉበጥ፣ ደረትህን ቀና አድርግ፣ ሰው ፊት ነው የምትቆመው!» ብላ መልሱን ሳትጠብቅ ዘጋችበት።